ጋሼ ዝምታ ያነበበው ፈተና

ተማሪዎቹ ያወጡለት ስም «ጋሼ ዝምታ» ነበር። የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ጠባቂ ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ከአፉ የሚወጣው ቃል አንድ ብቻ ነው፦ «ዝም!» አንዱ ቀልደኛ፣ «ጋሼ ዝምታ የሞቱ ቀን ቀባሪውን ሁሉ ዝም ያሰኙታል» እያለ ያስቃል። እሱም ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፋል። እንዲህ ያለው ሰው አንድ ቀን ጉሮሮው እስኪደርቅ ጮክ ብሎ ያነባል ብሎ የገመተ አልነበረም።

አንደበቱን የፈታችው አንዲት ልጅ ናት። እሷንም «ዳኛዋ» ይሏታል። ሁለት ተማሪ ከተጣላ እሷ ዘንድ ይሄዳል፤ ግራ ቀኙን ሰምታ ትፈርዳለች፤ የተፈረደበት እንኳ አኩርፎ አያውቅም። ሕግ እማራለሁ ማለት የጀመረችው ገና ጥርሷን ሳትለውጥ ነው ይላሉ። የመሰናዶ ትምህርቷን ልትጀምር ስትል ግን ዓይኗን አመማት። ሐኪሞቹ ዛሬ ነገ ሲሉ ብርሃኗ ጋዙ እንዳለቀ ፋኖስ እየደከመ ሄዶ ጠፋ። ክረምቱ አልፎ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ የእናቷን ክንድ ይዛ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ቆመች።

«መጽሐፍ ልዋስ ነበር» አለች። ከዚያ ራሷ ሳቀች። «ተውሼስ ምን አደርገዋለሁ?»

ጋሼ ዝምታ ወንበር ሳበላት፤ የታሪኩን መጽሐፍ ገለጠና ማንበብ ጀመረ። እዚያ የነበሩት ተማሪዎች ቀና ብለው ተያዩ። አንዱ ከኋላ፣ «ዝም!» አለ። ልጅቷ ያን ቀን ለሁለተኛ ጊዜ ሳቀች።

እንደዚያ ሆኖ ሁለት ዓመት አነበበላት፤ ታሪኩን፣ ጂኦግራፊውን፣ የሰዋስውን መጽሐፍ ሁሉ። ባዮሎጂን ብቻ መምህሯ በስልኳ እየቀዳ ይሰጣት ስለነበር እሱ አልነካውም። ቢነካውም አያውቅበትም። ትምህርቱን በልጅነቱ አቋርጦ፣ የቀረውን ከመደርደሪያው አንድ አንድ እያወረደ ለራሱ ያስተማረ ሰው ነው፤ እጁ ደግሞ ወደ ታሪክና ወደ መንፈሳዊ መጻሕፍት እንጂ ወደ ሴልና ወደ ደም ሥር ሄዶ አያውቅም።

በዚያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ልማድ በመካከላቸው አደገ። ጋሼ ዝምታ ቁም ነገር ያለበት ቦታ ሲደርስ ድምፁ ዳገት እንደሚወጣ ሰው ቀስ ይላል። ተነጋግረውበት አያውቁም። እሱማ ማድረጉንም አያውቅ። እሷ ግን ቀስ ያለበትን ሁሉ አጥብቃ ትይዛለች፤ መምህራኑ የሚጠይቁትም ያንኑ ይሆናል። «ይሄን ደግሞ ከየት አመጣሽው?» ሲሏት፣ «ጋሼ ዝምታ ነግረውኝ» ትላለች። ሰው ይስቃል።

የመልቀቂያው ፈተና ደረሰ። የልጅቷ እናት ልብስ ሰፊ ናት፤ ፍርዷን አስቀድማ ሰጥታ ነበር። «ካለፍሽ ዩኒቨርሲቲ ሂጂ። እዚያ ዶርም አለ፣ ሰው አለ፣ ይመሩሻል። ካላለፍሽ ግን እኔ ዘንድ ትቀመጫለሽ። እኔ እሰፋለሁ፣ አንቺ ቁልፍ ታቀብዪኛለሽ።» በክፋት አልነበረም። ልጇ ከቤት ወጥታ ሳለ የመኪና ጥሩምባ በሰማች ቁጥር መርፌው ጣቷን ይወጋታል። ልጅቷም ይህን ስለምታውቅ አልተከራከረችም። ለጋሼ ዝምታ ብቻ፣ «ቁልፍ ማቀበል ለአንድ ቀን ጥሩ ነው፤ ለዕድሜ ልክ ግን ፍርድ ነው» አለችው።

ዓይነ ስውር ተፈታኝ አንባቢ ይሰጠዋል። ደንቡ ግን አንባቢው የትምህርቱ መምህር እንዳይሆን ያዝዛል፤ መምህር መልሱን በአፉ ቢይዘው በፊቱ ያመልጠዋላ። የፈተና ጣቢያው ኃላፊ ሁልጊዜ የሚቸኩል፣ አረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ በሩን የሚዘጋ ሰው ነው። «ጋሼ፣ እርስዎ መምህር አይደሉም፤ ማንበብ ደግሞ...» አለና ሄደ። ጋሼ ዝምታ ደንቡን ራሱ ለራሱ ጮክ ብሎ አነበበና ፈረመ፦ አንባቢ በቃልም፣ በምልክትም፣ በድምፅም መልስ አይጠቁምም። ሲፈርም በልቡ ፈጣሪውን ምስክር አደረገ። የማልኩለትን አላጥፍም አለ።

የመጀመሪያው ቀን ባዮሎጂ ነበር። ሌሎቹ ተፈታኞች በየአዳራሹ ሲገቡ፣ ለእነሱ የመጀመሪያ ዕርዳታ መስጫዋ ክፍል ተሰጠቻቸው። አንድ ጠባብ አልጋ፣ ግድግዳው ላይ የቁመት መለኪያ፣ ጥርስ እንዴት እንደሚቦረሽ የሚያሳይ የደበዘዘ ሥዕል። ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣች ፈታኝ በሩ ሥር ተቀምጣለች፤ ጉንፋን ይዟታል፣ መሐረቧ ከእጇ አይለይም። ፖስታውን አሳየቻቸው፤ ማሸጊያው አለመነካቱን ጋሼ ዝምታ በዓይኑ፣ ልጅቷ በጣቷ አረጋገጡ። ተቀደደ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እሱ ጥያቄውንና ምርጫዎቹን ያነባል፤ እሷ ከሀ እስከ መ አንዱን ፊደል ትናገራለች፤ እሱ በመልስ መስጫው ላይ ያለችውን ክብ በእርሳስ ያጠቁርና ቁጥሩንና ፊደሉን መልሶ ይነግራታል። መጀመሪያ ላይ ነገሩ እንደ ውኃ ፈሰሰ። ከዚያ ረጃጅሞቹ ቃላት መጡ።

ጋሼ ዝምታ እንዲህ ያለ ቃል ዓይቶ አያውቅም። አንዳንዱ የመስመሩን ግማሽ ይዟል። የልጅቷ ዕድል ምላሴ ላይ እንዳይሰበር ብሎ ፈራ። ስለዚህ እንዲህ ያለው ቃል ሲመጣ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ ፊደል በፊደል፣ ድንጋይ ላይ እየረገጠ ወንዝ እንደሚሻገር ሰው ተጠንቅቆ ያልፈዋል።

«ለሴል ኃይል የሚያመነጨው ክፍል የትኛው ነው? ሀ፣ ኒውክለስ። ለ፣ ራይቦዞም። ሐ፣ ማይቶኮንድሪያ። መ...» ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ። «መ፣ ኢንዶ... ኢንዶፕላዝሚክ... ሬቲኩለም።»

«ሐ» አለች። እርሳሱን ወደ ክቧ ሲያስጠጋ ራሷን ነቀነቀች። «አይ፣ ቆዩ። መ። መ ይሁን።»

አጠቆረ። እያሰበች ነው፣ ትዝ እያላት ነው ብሎ ደስ አለው። እንዲህ ያለው መለዋወጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ መጣ። ስትጨርስ ፊቷ እንደ ታጠበ ሰሃን ያበራ ነበር።

ክርኑን ይዛ ወደ ግቢው በር ሲሄዱ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ጋሼ፣ እግዚአብሔር ውለታዎን ይክፈልዎት።»

«ምን አደረግኩና? ወረቀት ነው ያነበብኩት።»

«አውቃለሁ፣ አይነገርም። ግን ሰምቻለሁ። መልሱ ጋ ሲደርሱ ቀስ ይሉልኝ ነበር፤ እንደ ሁልጊዜው። እኔ ማይቶኮንድሪያ ልል ነበር እኮ! እርስዎ ባይኖሩ ጉድ ሆኜ ነበር።»

ጋሼ ዝምታ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው፣ ልናገር ብሎ አፉን ከፈተ፤ እናቷ ግን በሩ ላይ ቆማ ነበር። «እንዴት ሆነላችሁ?» አለች። ልጅቷ፣ «እማዬ፣ ቁልፍሽን ሌላ ሰው ያቀብልሽ!» ብላ ተጠመጠመችባት። እናትየው ቀና ብላ ሰውየውን አየችው፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እሱም ቸኩሎ ተሰናበታቸው።

አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ተቀመጠ። አውቶቡሱ መጣ፣ ሄደ። እሱ እዚያው ነው። እኔ ያላወቅኩት ቃል ላይ ነው ቀስ ያልኩት፤ እሷ ያወቅኩት መልስ መሰላት። ልጅቷ የምታውቀውን ትታ የኔን አለማወቅ ተከተለች። ለኃላፊው ቢናገር «መልስ መጠቆም» ተብሎ ወረቀቷ ይሰረዛል፤ አልጠቆምኩም ብሎ ቢምል ማን ያምነዋል? ለእሷ ቢነግራት፣ ነገ ደግሞ ታሪክ አለ፤ ልቧ ተሰብሮ እንዴት ትቀመጣለች? «አንተ ታውቃለህ» አለ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ እጆቹ እያየ። «አውቄ አላጠፋሁም፤ ግን ጠፍቷል። ምን ላድርግ?» መልስ አልመጣለትም፤ ወይም መጥቶ እሱ አልሰማውም ይሆናል። በመጨረሻ የመሰለውን ወሰነ። ዝም እላለሁ፤ ነገ ግን ድምፄ ከፍ ዝቅ፣ ፈጠን ቀስ የማይል ይሆናል።

በማግስቱ ማልዶ ኃላፊውን ያዘው። «ሌላ አንባቢ ቢገኝ... ጉሮሮዬን አሞኛል።»

«ሌላ አንባቢ? አሁን? ጋሼ፣ ሰው እንደ ኖራ ከግድግዳ አይፋቅ። ማር ይላሱና...» በሩ ተዘጋ።

ታሪክ ነበር። እሱ ራሱ፣ ገጽ በገጽ፣ በቤተ መጻሕፍቱ መስኮት ሥር ያነበበላት ታሪክ። አሁን ግን ቃላቱን እንደ ጡብ እኩል እኩል እየደረደረ አነበበ። ልጅቷ ጆሮዋን ዘንበል አደረገች።

«ይድገሙልኝ።»

ደገመ። ያው ነው።

«አንዴ ደግሞ ይድገሙልኝ፣ ጋሼ።»

ደገመ። ግንባሯ ላይ ላብ ወጣ። የምታውቀው ነገር ነው፤ እሱም እንደምታውቀው ያውቃል፤ ግን መልሱን ከራሷ ጓዳ ማውጣቱን ትታ ከእሱ አፍ ትጠብቃለች። የለመደችው እጅ ሲለቃት መሐል መንገድ ላይ የቆመች ትመስል ነበር።

«ጋሼ፣ ተቀየሙኝ እንዴ?»

ፈታኟ አፍንጫዋን ጠርጋ፣ «ከጥያቄው ውጪ ንግግር የለም፣ እህቴ» አለች፤ በክፉ ቃል ሳይሆን እንደ ደንቡ።

ሰዓቱ እንደ ወንፊት ውኃ አለቀ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ገጾች ሳይነበቡ፣ «አምስት ደቂቃ ቀርቷል» ተባለ። ልጅቷ እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «የቀረውን ሁሉ ለ ያድርጉት።»

«ልጄ...»

«ለ አልኩ።»

ጋሼ ዝምታ አንድም ቃል ሳያነብ ክቦቹን ወደ ታች አጠቆራቸው፤ በዕድሜው እንደዚያ የከበደው እርሳስ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ የቋንቋ ፈተና ነበር። በመካከሉ ባለችው ዕረፍት ከሕንፃው ጀርባ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ልጅቷ እናቷ የቀቀለችላትን እንቁላል አውጥታ ትልጥ ጀመር።

«ያዙዎት አይደል? ሴትዮዋ ጠረጠረች። በኔ ጦስ ሥራዎን እንዳያጡ ብቻ።»

«ማንም አልያዘኝም።»

«ታዲያ ምን አጠፋሁ? ትናንት እንደ አባት ሆነው፣ ዛሬ እንደ ባዳ...»

«ስሚኝ፣ ልጄ።» ከዚህ በኋላ ዝም ማለት እንደ መዋሸት ነው አለ በልቡ። «ትናንት ቀስ ያልኩት መልሱን አውቄ አይደለም። ቃሉን ማንበብ አቅቶኝ ነው።»

እንቁላሉን አልጣለችውም። መላጧን ግን አቆመች።

«የትኛውን ቃል?»

«ረጃጅሞቹን ሁሉ። ተሳስቼ እንዳላሳስትሽ ፈርቼ።»

«ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም?»

«እሱንማ በተለይ።»

ሳቀች። ከሳቀችስ ተርፈናል አለ በልቡ። ሳቁ ግን መሐል ላይ ተሰበረና ወደ ሌላ ነገር ዞረ፤ እሷም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ማይቶኮንድሪያን ከስሜ እኩል ነው የማውቀው» አለች በመጨረሻ። «እርስዎ ካሉ ብዬ ነው የተውኩት።»

«እኔ ምንም አላልኩም።»

«እሱ ነው የሚያቃጥለው። ሌባ ሆኜ ገባሁ፤ ቤቱ ባዶ።»

«አንቺ ሌባ አይደለሽም። ጥፋቱ የኔ ነው። ትናንት በሩ ላይ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። እናትሽን አየሁና ፈራሁ።»

ልጅቷ አሰበች። ተማሪዎቹ ተጣልተው ሲመጡ እንደምታስበው፣ ጭንቅላቷን ወደ አንድ ጎን ጣል አድርጋ። «የባዮሎጂው የኔ ነው» አለች። «የሰው ድምፅ እየሰረቅኩ ነበር፤ እርስዎ አያውቁም። የታሪኩ ግን የእርስዎ ነው፣ ጋሼ። ትናንት ቢነግሩኝ ኖሮ ዛሬ እሠራው ነበር።»

አልጮኸችም፣ አልወቀሰችውም። ፍርድ ነበር፤ ደግሞ ትክክል ነበር። ጋሼ ዝምታ ቢሰደብ ይቀለው ነበር። «ልክ ነሽ» አላት።

«አሁን ግን ሲያነቡልኝ ይፍጠኑ» አለች ከሱሪዋ ላይ አቧራውን እያራገፈች። «ቤቱ ለመሄድ እንደቸኮለ ዜና አንባቢ። ቀስ ካሉ ጆሮዬን እይዛለሁ።»

እንዳለችው አነበበ። አራተኛውን ምርጫ ሳይጨርስ ፊደሉን ትናገራለች፤ ያጠቁራል፤ ይቀጥላል። ፈታኟ እንኳ፣ «ቀስ በሉ እንጂ፣ ጊዜ አላችሁ» አለች። ጋሼ ዝምታ ገጹን ገለበጠ። ሲወጡ ልጅቷ ክርኑን አልያዘችም። ግድግዳውን እየዳሰሰች ሄደች፤ እሱም እንዳትወድቅ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቶ ተከተላት።

ጂኦግራፊውንም በማግስቱ እንደዚያው ጨረሱ፤ ውጤቱ ከሳምንታት በኋላ በስልክ መልእክት መጣ። እናትየው ፊደል አልቆጠረችም፤ ስልኳን በመሐረብ እንደ ጠቀለለችው ልጇን ይዛ ቤተ መጻሕፍቱ መጣች። ጋሼ ዝምታ መነጽሩን አደረገና አነበበው። ቋንቋው ከፍ ያለ ነበር፤ ጂኦግራፊው ደህና። ባዮሎጂና ታሪክ ግን ወርደው ወርደው፣ ድምሩን ከማለፊያው በታች ጎትተውታል።

«ምን ማለት ነው?» አለች እናት።

«አላለፈችም ማለት ነው።»

እናትየው ስልኩን ተቀብላ መልሳ በመሐረቡ ጠቀለለችው። «ይሁን። የሱ ፈቃድ ነው። አንተስ የምትችለውን አድርገሃል፣ ወንድሜ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጉሮሮህ እስኪነቃ...»

«የለም፣ እመቤት፣ እኔ እኮ...»

«ጋሼ፣ ተዉት» አለች ልጅቷ። ከዚያ ወደ እናቷ ድምፅ ዞራ፣ «እማዬ፣ እንደገና እፈተናለሁ» አለች።

«ዓይንሽ ሄደ፤ አሁን ደግሞ ልብሽን ልታጪው ነው? ቁልፍ ማቀበል አሳፋሪ ነው እንዴ? እኔ የምሠራው ሥራ?»

«አያሳፍርም። ግን ያልወደቅኩበትን ፈተና ወድቄ ልቀመጥ አልችልም። የማውቀውን ትቼ የሰው አፍ ስከተል ነው የቀረሁት። የኔን ሠርቼ ብወድቅ ያን ጊዜ ቁልፉን አመጣልሻለሁ፤ አፌን አልከፍትም።»

የማን አፍ እንደሆነ እናትየው አልጠየቀችም። ምናልባት አልገባትም፤ ምናልባትም ገብቷት ይሆናል፤ ዓይኗን ከጋሼ ዝምታ ላይ አንስታ መደርደሪያው ላይ ጣለችው፤ ለረጅም ጊዜም አልመለሰችውም።

«አንድ ዓመት» አለች። «አንድ። ከዚያ በኋላ እግዜርም ቢለምነኝ።»

«አንድ ይበቃኛል። ሌላም አለ።» ልጅቷ እጇን በእጇ ያዘች። «አንባቢዬ ይቀየርልኝ። ለፈተናው ብቻ አይደለም፤ ለጥናቱም።»

«አንቺ ልጅ! ይሉኝታ የሚባል አልፈጠረብሽም? ሰውየው ፊት?»

«ልክ ናት» አለ ጋሼ ዝምታ።

«ጠልቼዎት አይደለም፣ ጋሼ።»

«አውቃለሁ።»

«እርስዎ ያነበቡልኝን ሳስታውስ ድምፅዎ ነው የሚመጣልኝ። የትኛው የኔ እውቀት፣ የትኛው የእርስዎ ድምፅ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። መለየት አለብኝ።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። እኔው እፈልግልሻለሁ።»

ፈለገላትም። መምህራኑን ለመነ፤ አንዱ ቤተሰብ አለኝ አለ፣ ሌላው ዓይኔ ይደክማል አለ። በመጨረሻ የላቦራቶሪ ረዳቷን አገኘ። ወጣት ናት፤ አፏ ማስቲካ አይለየውም፤ እንደ ስፌት መኪና ሳትተነፍስ ታነባለች። «እኔ ታሪክ የሚባል ነገር እንቅልፌን ነው የሚያመጣው» አለችው። «ይሻላል» አላት እሱም፤ ለምን እንደሚሻል አልነገራትም።

የመጀመሪያው ቀን ረዳቷና ልጅቷ መስኮቱ ሥር ተቀመጡ። ጋሼ ዝምታ ከመደርደሪያዎቹ ጀርባ የተመለሱ መጻሕፍት ይደረድር ነበር። ረዳቷ እየሮጠች ታነባለች፤ አንድ መስመር ዘላ፣ የአንዱን ንጉሥ ሥራ ለልጁ ሰጠችው። ልጅቷ አስቆመቻት። «እንደገና» አለች። ረዳቷ ማስቲካዋን በጉንጯ አዙራ ደገመችው፤ ደግማም ያንኑ መስመር ዘለለችው።

ጋሼ ዝምታ መስመሩን በቃሉ ያውቀዋል። አፉ ተከፈተ። የያዘውን መጽሐፍ ደረቱ ላይ አስደግፎ ጠበቀ።

«አይ» አለች ልጅቷ፤ ድምጿ ገና እርግጠኛ አልነበረም። «አባትየው ነው እንጂ ልጁ አይደለም። መሐል ላይ የጎደለ ነገር አለ። ከላይ ጀምሪልኝ እስቲ።»

መጽሐፉን ቦታው አስገባው። በሩን እንዳይጮህ አድርጎ ከኋላው ዘጋና ወጣ። ግቢው ውስጥ ባለው ቧንቧ ሥር ጎንበስ ብሎ፣ ውኃ ሳይጠማው ጠጣ፤ ፊቱንም ደጋግሞ ታጠበ።